ግራ ጌታ ሞቶ የተነሣ ሰሞን

እኔ ዝምተኛ ሰው ነኝ። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ሥራዬን ስትሰሙ እንዳትስቁብኝ ነው፤ ሥራዬ ድምፅ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ አዳራሽ፣ የማን እንደሆነ ይቅር፣ የድምፅ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሠራተኛ ስለሌለ የምመራው ራሴን ነው፤ ራሴም ብዙ አያስቸግረኝም። ሌላው ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ይናገራል፤ እኔ ከአዳራሹ ጀርባ ተቀምጬ ንግግሩ ከመጨረሻው ወንበር እንዲደርስ አደርጋለሁ። ሰው ዞር ብሎ የሚያየኝ ድምፁ የጮኸ ወይም የጠፋ ጊዜ ብቻ ነው። ደህና የሠራሁ ቀን የለሁም። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይህ የተመቸ ኑሮ ነው።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ሮብ ገበያ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ልመዘገብ ስሰለፍ እኩዮቼ የበኩር ልጆቻቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆመው ነበር። መዝጋቢው «ልጅሽ የታለ?» ሲለኝ «እኔው ነኝ» አልኩት። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ አመል አለው፤ ገጽ መዝለል አይሆንለትም። ሌላው ሰው አዲስ ዕቃ ሲገዛ መመሪያውን ከካርቶኑ ጋር ይጥለዋል። እኔ ከሽፋን እስከ ሽፋን አነበዋለሁ፤ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈውን ገጽ እንኳ ሳላየው አላልፍም፤ ፊደሉን አይቼ፣ ሰላምታ ሰጥቼ ነው የምገለብጠው። ይህ አመሌ ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል። አንድ ጊዜ ግን ከሙታን ጋር አሠርቶኛል፤ የማወራችሁ ስለዚያ ነው።

ድሮ እያንዳንዱ ማይክ የየራሱ ወፍራም ገመድ ነበረው፤ ከመድረኩ እስከ እኔ ድረስ ያ ሁሉ ገመድ እንደ ሐረግ ተጠላልፎ ይመጣል። አዲሱ መሣሪያ ሲመጣ ይህ ሁሉ ቀረ። ማይኮቹ መድረኩ ጥግ ባለ አንድ ሳጥን ላይ ይሰካሉ፤ ሳጥኑ ድምፁን ፈጭቶ በአንዲት ቀጭን የኔትወርክ ገመድ፣ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር የምናገናኝባት ዓይነት፣ እኔ ፊት ወዳለው የድምፅ ማቀላቀያ፣ ወደ ሚክሰሩ፣ ይልከዋል። መሣሪያዎቹ እንዴት እንደሚተዋወቁ፣ ማን ለማን እንደሚናገር፣ ማን ማንን እንደሚያዝ የሚወስን ሥርዓት አላቸው። ፕሮቶኮል ይሉታል። እኛ ጋ ፕሮቶኮል ሲባል የሚታሰበን እንግዳ ተቀብሎ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ የሚወስነው ባለ ሱፍ ሰውዬ ነው። ልዩነቱም ብዙ አይደለም፤ ይህኛው ከረባት የለውም እንጂ ሥራው ያው ነው።

ሥርዓቱ የሚሄደው በስም ነው። ሚክሰሩን «እገሌ የሚባለውን ሳጥን ስማ» ብላችሁ አንዴ ካዘዛችሁት ሳጥኑ የት እንዳለ፣ ማን እንደሠራው፣ ትናንት የነበረው ይሁን ዛሬ የመጣ፣ አይጠይቅም። ስሙን ብቻ ይጠይቃል። በዚያ ስም ለተጠራ ሁሉ ጆሮውን ይሰጣል። እኔም በላፕቶፔ ላይ የሚናገሩትን በቁም፣ የሚሰሙትን በአግድም ተደርድረው አያለሁ፤ በተገናኙበት ላይ አረንጓዴ ምልክት ትበራለች።

ስም ማውጣቱ የእኔ ፋንታ ነበር። ሚክሰሩን አለቃ አልኩት። መድረኩ ላይ በቀኝና በግራ ያሉትን ሁለት ሳጥኖች፣ በቤተ ክርስቲያን ማሕሌት በቀኝና በግራ እንደሚቆሙት ሊቃውንት፣ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ አልኳቸው። መሣሪያው በእኛ ፊደል አልቀበልም ስላለ በላቲን ጻፍኩላቸው። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ከዚያ ክረምት ገባ፣ መብረቅ ወደቀ፣ ግራ ጌታ ተቃጠለ። ከፈትኩት፤ አሸተትኩት፤ ሞቷል አልኩ። «ይወገድ» ብዬ ጽፌ ለንብረት ክፍሉ ለጋሼ ታረቀኝ ወሰድኩላቸው። ጋሼ ታረቀኝ ከግቢው ጫፍ ያለውን የቆርቆሮ መጋዘን የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። እግር የሌለው ወንበር፣ ወንበር የሌለው እግር፣ ሁሉም እሳቸው ዘንድ ማረፊያ አለው። በሕይወታቸው አንድም ነገር አስወግደው አያውቁም። ሳጥኑን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «መሞቱን በምን አወቅሽ?» አሉኝ።

«በሽታው» አልኳቸው።

«እኔንም አሽትተሽ ብትፈርጂብኝ ኖሮ የተቀበርኩት ድሮ ነው» ብለው በሩን ዘጉ።

ብዙም ሳይቆይ ምትክ ሳጥን መጣ። እንግዲህ የእኔ ስሕተት እዚህ ላይ ናት። በአገራችን ልጅ ሞቶ ሌላ ሲወለድ ካሳ ይባላል፣ ምትኩ ይባላል፤ የሟቹ ስም እንዳለ አይሰጠውም። መመሪያው ግን «ለምትኩ የቀድሞውን ስም ይስጡት፤ ግንኙነቱ ሁሉ ራሱ ይመለሳል» ይላል። ሰጠሁት። አረንጓዴዎቹ ምልክቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ቦግ አሉ። የግቢው ዘበኛ አያ ደምሌ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ነበርና ስሙ ማን ተባለ አሉኝ፤ ግራ ጌታ አልኳቸው። ያኛውስ? ያኛውም ግራ ጌታ። አያ ደምሌ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ «እታለም፣ ያኛው ቢመለስ ማን ልትይው ነው?» ብለው ወደ በራቸው ሄዱ። ሳቅሁባቸው። መመሪያው ውስጥ ሙታን ስለሚመለሱበት ሁኔታ የሚያወራ ምዕራፍ አልነበረማ።

በዚህ መካከል የየኔታ ልሳነወርቅ ነገር መጣ። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ከጉንደ ወይን ወዲህም ወዲያም ያስተማሯቸው፣ እነሱም በተራቸው መምህር የሆኑ፣ ቁጥር የላቸውም። አርጅተዋል። ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ተመናምኖ ከሹክሹክታ አልፎ የማይሄድ ሆኗል። እሱም በየሳምንቱ ይቀንሳል አሉ። ሳይጠፋ ወንበራቸውን የሚወርሰውን ሰው ስም ጠርተው መሰናበት ፈለጉ። ደብሩ ይሾማል፤ ነገር ግን የኔታ በአፋቸው ካልጠሩት መምህር እግር ሥር ማንም ተማሪ አይቀመጥም። በደብዳቤ ይሁን ቢባል «ቃል በጆሮ ነው የሚወረሰው» ብለው እንቢ አሉ። ተማሪዎቻቸው ለሁለት ተከፍለዋል፤ ግማሹ መምህር ይኄይስን፣ ግማሹ መምህር ጥበቡን ይላል። ጊዜው ክረምት ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ብርድ ለየኔታ ደረት አይሆንም፤ ደግሞ ያንን ሹክሹክታ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚያደርስ መሣሪያ ያስፈልጋል። ስለዚህ ወደ እኔ መጡ። አንድ ሽማግሌ ቃሉ ሳያልቅ አንድ ስም እንዲያሰማ፤ ሥራዬ ይኸው ብቻ ነበር።

የሆነው ለዚያ ቀን ስዘጋጅ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር። ጉሙ ከጮቄ ተራራ ወርዶ ከተማውን ውጦታል፤ ከአዳራሹ በር ላይ ሆኜ የግቢውን ዛፍ ማየት አልቻልኩም። ብቻዬን ገባሁ፤ ማይኮቹን ሁሉ ግራ ጌታ ላይ ሰክቼ አቆምኩ፤ ወደ ኋላ ተመልሼ ከሚክሰሩ ጋር በተሰካችው፣ መድረክ ላይ ያለ ሰው በማናግርባት ትንሽ ማይክ «አንድ፣ ሁለት። አንድ፣ ሁለት» እላለሁ። ሁሉም ደህና ነው። መብራት ጠፋ።

የመብራት መጥፋት ማንንም አያስደነግጥም። ግን አዳራሹ መስኮት የለውም፤ በተከፈተው በር የሚገባውም ጉም እንጂ ብርሃን አልነበረም። ባዶ አዳራሽ ሲጨልም ወንበሮቹ ሰው ይሆናሉ። እኔም ከኋላቸው ተቀምጬ ያ ሁሉ ጀርባ አንድም ሳይዞር መጠበቁን አየሁ። ከዚያ መብራት መጣ። ድምፅ ከፍና ዝቅ የማደርግባቸው የሚክሰሩ ተንሸራታች ቁልፎች ማንም ሳይነካቸው ከተኙበት እኩል ተነሥተው ወደ ላይ ተንሸራተቱ። ይህን አውቀዋለሁ፤ ሞተር አላቸው፤ ከመጥፋታቸው በፊት የነበሩበትን አስታውሰው ይመለሳሉ። መመሪያው ገልጾታል። ማወቅና ብቻን ሆኖ ማየት ግን ለየቅል ነው። ጣቱ የበዛ፣ የማይታይ ሰው ከእኔ ፊት ተቀምጦ የእኔን ሥራ የሚሠራ መሰለኝ።

ከዚያ አዳራሹ ተነፈሰ።

ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሞላ፣ ረጅም፣ ከባድ ትንፋሽ ነው። ወደ ውስጥ ይስባል፤ ይቆያል፤ ይለቅቃል። መድረኩ ላይ ማንም የለም። ሄጄ አንዱን ማይክ በጣቴ መታሁት፤ ድምፅ የለውም። ሌላውን መታሁ፤ እሱም የለውም። ማይኮቼ ሞተዋል፤ አዳራሹ ግን ይተነፍሳል። ወደ ሚክሰሩ ተመለስኩና ያችን ትንሽ ማይክ ይዤ፣ ጨዋ ሰው በር ሲንኳኳበት እንደሚለው፣ «ማነው?» አልኩ።

ትንፋሹ ቆመ። የሆነ ቦታ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ቀጥሎ አንድ ሰው በሹክሹክታ የግእዝ ጸሎት ጀመረ፤ በጥድፊያ፣ እየተንቀጠቀጠ። ሰው ሲጸልይ መስማት ደስ የሚል ነገር ነው፤ በእናንተ ላይ ካልሆነ። ይኸኛው በእኔ ላይ መሆኑ ያስታውቃል። «የት ነህ?» አልኩ። ጸሎቱ ተቋረጠና ሹክሹክታው በጥሩ አማርኛ፣

«ሂጂ። ወደ መጣሽበት ሂጂ» አለኝ።

ሄድኩ። ቦርሳዬንም አልያዝኩ።

አያ ደምሌ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ሰምተዋል። ፊታቸው የጉሙን መልክ ይዟል። ሁለት ዝምተኞች አንድ ዣንጥላ ሥር ሆነን እስከ ባጃጅ መቆሚያ ሄድን፤ ከዚያ ወዲያ ግን አያ ደምሌ ዝምተኛ ሆነው አልቆዩም።

በነጋታው ስመለስ ሁሉም ነገር ደህና ነው። ማይኮቹ ይሠራሉ፤ አረንጓዴው በየቦታው በርቷል። ሌሊት መብራት ሄዶ መጥቶ ነበር አሉ። እያንዳንዱን ገመድ ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፤ ምንም የለም። አንድ ነገር ብቻ አየሁ፤ ከስሞቹ ዝርዝር ግርጌ «ግራ ጌታ» ከሚለው ሥር አንድ ሌላ ግራ ጌታ አለ፤ አጠገቡ በቅንፍ ሁለት ቁጥር ተጽፎበታል። ያላነበበ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እኔ ግን አንብቤያለሁ፤ የጠፋ መሣሪያ ስሙ ለጊዜው ከዝርዝሩ ላይጠፋ እንደሚችል መመሪያው ይናገራል። የሟቹ ትዝታ ነው አልኩ። አሳዘነኝ፤ ተውኩት። ያን ገጽ ባላነበው ኖሮ ይህ ወግም አይኖርም ነበር።

አያ ደምሌ ጸበል በላስቲክ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ትንሽ ብቻ ጠብ ላድርግበት ይላሉ። ሚክሰሩ ውኃ ከነካው ማንንም አናሰማም አልኳቸው። ጸበሉ ለጋኔኑ እንጂ ለሚክሰሩ አይደለም አሉኝ። ሁለቱ አንድ ቦታ ናቸው አልኩ። ክርክሩ ረዘመ፤ እሳቸው ጠርሙሱን ሲያዘነብሉ እኔ ነጠላዬን ዘርግቼ ሚክሰሩ ላይ ተደፋሁበት። የመጣው ሁሉ ማጅራቴ ላይ ወረደ። አያ ደምሌም ወደ ኋላ ራቅ ብለው እጮኽ እንደሆነ አዩኝ። ጸበሉ ቀዝቃዛ ነበርና ጮኽኩ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ።

ከዚያ ወሬው ከተማውን ዞረ። ሽንኩርት የምገዛት ሴት ሚዛኑን ይዛ «እቴ፣ ከሙት ጋር የምትሠሪው አንቺ ነሽ አሉ?» አለችኝ፤ ሚዛኑ ግን እንደወትሮው ነበር፤ ምንም አልጨመረችልኝም። ወሬው የየኔታ ተማሪዎች ዘንድ ሲደርስ ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሰው ተመርጦ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ቀጠን ያለው፣ የመምህር ይኄይስ ወገን፣ ሳጥኑን በጣቱ ሳይነካ አመለከተና ጠየቀኝ።

«የኔታ ስም ሲጠሩ በዚህ በኩል ነው የሚመጣው?»

«አዎ።»

«ያ ሲተነፍስ የነበረውስ?»

«እሱም በዚሁ።»

«እንግዲያ የጠራው የቱ እንደሆነ በምን እንለየዋለን?»

ካነበብኩት ገጽ ሁሉ ለዚህ መልስ ፈለግሁ፤ የለም። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ነገር ብቻ ተስማምተው ሄዱ። በዚያ ቀን ከየኔታ ድምፅ ሌላ አንዲት ነገር ከተሰማች የተጠራውን ስም ስሙ ያልተጠራለት ወገን አይቀበለውም፤ ጉባኤውም ለሁለት ይሰነጠቃል። የአንድ ሽማግሌ የዕድሜ ልክ ትምህርት በእኔ ገመድ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ስተኛም የሚሰማኝ የራሴ ትንፋሽ ነበርና እየደነገጥኩ እነቃለሁ።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ጢም አለ፤ ወንበር ያጣው በግድግዳው ጥግ ቆመ። የይኄይስ ወገን በቀኝ፣ የጥበቡ ወገን በግራ ተቀመጠ። የኔታን ደግፈው አምጥተው መድረኩ ላይ አስቀመጧቸው። ማይኩን ከከንፈራቸው ልክ አደረግሁላቸው። «ትሰሚኛለሽ?» አሉኝ። «እሰማዎታለሁ፣ የኔታ» አልኩ። ወደ ቦታዬ ተመለስኩ፤ ቁልፉን ከፍ አደረግሁ፤ ያ ቀጭን ሹክሹክታ በአዳራሹ ላይ ጥርት ብሎ ወረደ። ምርቃት ጀመሩ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ውጭ በረዶ መጣል ጀመረ፤ በአዳራሹ ኮርኒስ ላይ ግን እንደ ጤፍ ነው የሚሰማው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለኝ።

መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ወዲያው ተነሣ፤ ጨለማው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው። ቁልፎቹ ተኝተው ተነሡ። የኔታ ምንም እንዳልሆነ ቀጥለዋል፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ከስፒከሩ የወጣው ግን ቃል አልነበረም።

ያ ትንፋሽ ነበር።

ይስባል፤ ይቆያል፤ ይለቅቃል። ያ ሁሉ ሕዝብ ቀና አለ። የየኔታ ከንፈር ሌላ፣ ትንፋሹ ሌላ መሆኑን ገና አልለዩም፤ ሽማግሌው ደክመው ይሆናል ያሉ ይመስለኛል። ቀጠን ያለው ሰው ግን ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። እኔ ላፕቶፑን አየሁ፤ አረንጓዴው ሁሉ በቦታው ነው። ሥርዓቱ እንደሚለው ምንም የጎደለ ነገር የለም። ዓይኔን ጨፈንኩና እንደማንኛውም ሰው አዳመጥኩ። ከትንፋሹ ጀርባ በረዶ አለ። እንደ ጤፍ አይደለም፤ በባዶ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ጠጠር ነው። በግቢያችን ኮርኒስ የሌለው ጣሪያ አንድ ብቻ ነው።

ሮጥኩ። እኔ ሮጬ አላውቅም፤ በልጅነቴም ቢሆን ዘግይቼ በእግር የምደርስ ነበርኩ። ነጠላዬን በራሴ ላይ ጥዬ፣ በረዶው እየቀጠቀጠኝ፣ ጉሙን እየቀዘፍኩ መጋዘኑ ደረስኩ። በሩን ገፋሁት።

ጋሼ ታረቀኝ የቀኝ እጀታ በሌለው ወንበር ላይ አንገታቸው ወደ ኋላ ወድቆ ተኝተዋል። ፊታቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ የእኔ ሟች፣ የመጀመሪያው ግራ ጌታ፣ አረንጓዴ መብራቱን እያበራ ተቀምጧል። ከጎኑ አንድ ማይክ ተጋድሟል፤ ምንም የማታክል አንዲት ስፒከርም ተሰክታበታለች። ገመዱ ግድግዳው ላይ ባለው የኔትወርክ መሰኪያ ገብቷል። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ። ሁለት ግራ ጌታ አለ። ሥርዓቱ በአንድ ስም ሁለት ሰው አይፈቅድም፤ መብራት በመጣ ቁጥር ቀድሞ የነቃው ስሙን ይይዛል፤ የዘገየው ሁለት ቁጥር ይለጠፍበታል። ዛሬ የነቃው ሟቹ ነው። ገመዱን ያዝኩና ነቀልኩት።

ጋሼ ታረቀኝ ዓይናቸውን ገለጡ። ያዩት ከጉም የወጣች፣ ነጭ የለበሰች፣ ውኃ የምታንጠባጥብ ሴት ነው። ወንበሩን ይዘው ወደ ግድግዳው ሸሹ። እኔ መሆኔን እስኪያውቁ ድረስ ስንት የቅዱሳን ስም እንደጠሩ አልነግራችሁም።

«ጋሼ፣ ይሄን ሳጥን ማን አዳነው?»

ገበያው ዳር ሬዲዮ የሚጠግነው ሁሴን አድኖት ኖሯል። እሱም መዳኑ እንዲታወቅ ከነመሞከሪያ ማይኩና ከነስፒከሩ ጥቂት ቀን ሳይጠፋ ይቆይ ብሎ ሰጥቷቸዋል። ገመዱን መብራቷ እንድትበራ ብለው የሰኩት ራሳቸው ናቸው። ሞቷል ያልኩትን በሕይወት አስታቅፈው ሊያሳፍሩኝ ነበር ሐሳባቸው። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?

«ምን ብዬ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከተሰካ ወዲህ ያናግረኛል። አንዲት ሴት ከውስጡ አንድ፣ ሁለት ትላለች። ሦስት አትልም። ሦስት ያለች ዕለት ምን ሊሆን ነው እያልኩ ሌሊቱን ሁሉ ስጸልይ አድራለሁ። አንድ ቀን ደግሞ፣ ልቤን ልታወጣው፣ ማነው አለችኝ።»

ሳጥኑ ሞቶ ቢነሣም፣ ሳይሞት በፊት አለቃን ስማ ብዬ ያዘዝኩትን አልረሳም ነበር፤ እኔ በትንሿ ማይክ የተናገርኩት ሁሉ በዚያች ስፒከር ይወጣል። ለካ እኔ አዳራሽ ውስጥ ሆኜ እሳቸውን ሳስፈራ፣ እሳቸው መጋዘን ሆነው እኔን ሲያስፈሩ ነው የከረምነው። እሳቸው እኔን ለማባረር የጸለዩትን ጸሎት እኔ ሸሸሁት። ቆሜ ልስቅ ምንም አልቀረኝ ነበር፤ የኔታ ትዝ አሉኝ። ገመዱ ተነቅሏል፤ ነገር ግን መድረኩ ላይ ያለው ሳጥን ዛሬም ሁለተኛ ነው፤ ስሙን እኔ ካልመለስኩለት ማንም አይሰማውም። የኔታ ለደንቆሮ ማይክ እየተናገሩ ነው ማለት ነው። እንደገና ሮጥኩ።

በዚያች መካከል አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ያወቅሁት ከአያ ደምሌ ነው። ሕዝቡ ትንፋሹን እያዳመጠ ነው። ስቦ፣ ስቦ፣ ሳይለቅቀው ቀጥ። እኔ መጋዘን ውስጥ ገመድ የነቀልኩባት ቅጽበት ናት። ሁሉም ባንዴ ብድግ አለ። ከኋላ አንዲት ሴት «የኔታዬን» ብላ ሙሾ ጀመረች። ቀኙም ግራውም ወደ መድረኩ ተመመ፤ መምህር ይኄይስና መምህር ጥበቡ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ደረሱ። የኔታ ምርቃታቸውን አቋርጠው ሕዝቡን በመገረም ያዩታል። እጃቸውን አነሡ። ሙሾው ተቆረጠ። አያ ደምሌ እንደሚሉት በዚያ አዳራሽ እንዲያ ያለ ጸጥታ ሆኖ አያውቅም፤ በረዶው እንኳ አባርቶ ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ያለ ማይክ፣ ያለ ሳጥን፣ በባዶ ጉሮሮ፣

«አልሞትኩም። ተቀመጡ» አሉ።

አያ ደምሌ የቆሙት ከውጪው በር ነው። ሰምተዋል። ሰው ባለበት ተቀመጠ፤ መሬትም ላይ ቢሆን። የኔታ ማይኩን በእጃቸው ገፋ አድርገው አንድ ስም ጠሩ። ጥበቡ። በመጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን የሳመው መምህር ይኄይስ ነው፤ ቀጥሎ ዞሮ ጥበቡን አቀፈው። ቀጠን ያለው ሰውም አንገቱን ደፋ። የሰማው ከሳጥን አይደለምና የሚጠይቀው ነገር አልነበረውም።

እኔ ስደርስ ሁሉም አልቋል። ሰው ያለቅሳል፣ ይተቃቀፋል፣ አንዳንዱም ዓይኑን እየጠረገ እኔን ያመሰግናል፤ እንዴት ያለ ድምፅ ነው እያለ። ማስረዳት ፈለግሁ፤ ስለ ስሞቹ፣ ቀድሞ ስለነቃው፣ ስለ መጋዘኑ። ፊቴ ላይ የሚወርደውን ውኃ ጠርጌ ወደ ሚክሰሩ ሄድኩ። በዚያ ግቢ ከነበርነው ሁሉ ያን ቃል ያልሰማነው እኔና ጋሼ ታረቀኝ ብቻ ነን።

የኔታን ደግፈው ሲያወጧቸው በአጠገቤ አለፉ። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ፤ እጃቸው እንደ ወረቀት ቀሎኛል። እጄን ለቅቀው አልሄዱም። ቆም ብለው አዩኝ፤ በረዶ ያረሰውን ነጠላዬን አዩ። ከአዳራሹ እንዳልነበርኩ የገባቸው መሰለኝ። ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። የጠሩትን ስም ለእኔ ሊደግሙልኝ ነው።

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ትንፋሻቸው ጆሮዬን ነካው፤ ሞቃት ነበር። ጠበቅሁ። ከትንፋሹ ውስጥ ምንም አልወጣም፤ ድምፅ አልነበረበትም። የነበረቻቸውን ድምፅ እዚያ መድረክ ላይ ጨርሰዋት ኖሯል። እሳቸው ግን አላወቁም። ነግረውኝ ጨርሰው ቀና አሉና እንደ መምህር፣ መልሱን እንደሚጠብቅ ሰው፣ ዓይኔን አዩ።

በሥራዬ ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ አላውቅም። ሰው ሲቆጣኝም፣ ሲለምነኝም አላልኩም።

«ሰማሁ፣ የኔታ» አልኳቸው።